ጭንቅላት ሲመታ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የአንጎል ጉዳት ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይቀራል?

ከአያት ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮየ ፈጬ፣ ከጀሞ ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስዱት መንገዶች ዙሪያ የሚኖር ሰው ስለ አንጎል ጉዳት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ጉዳቱ የዕጣ ጉዳይ አይደለም። የሚበዛበት ቦታ፣ የሚበዛበት ሰዓትና የሚያመጣው ምክንያት ይታወቃል። የከተማዋ ዳርቻ ፈጣን መንገድን፣ ያላለቀ ሕንፃንና የራቀ ሆስፒታልን አንድ ላይ ይዟል። ሁለቱ ጉዳቱን ያመጡታል፣ ሦስተኛው ያከፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ 69 ሚሊዮን ያህል ሰው አንጎሉ ላይ ጉዳት ይደርስበታል። ከመቶው 81 ያህሉ ቀላል፣ 11ዱ መካከለኛ፣ 8ቱ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፤ 92 በመቶው የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደልም ቀዳሚው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሚገቡት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ሲሆኑ፣ ምክንያቶቹ የመኪና አደጋ፣ ድብደባና ከከፍታ መውደቅ ናቸው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ እግረኞች ናቸው።

እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሲነበቡ የሆስፒታል መዝገብ የሚይዘው ሆስፒታል የደረሰውን ብቻ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። አስፋልት ላይ ሕይወቱ ያለፈው የሚገኘው በፖሊስ መዝገብ ነው። ከመወጣጫ ወድቆ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ከሳተ በኋላ በማግስቱ ሲሚንቶ ሊያቦካ የተመለሰው የቀን ሠራተኛ ግን የትም አይጻፍም። ችግሩ ሁልጊዜ ከመዝገቡ ይሰፋል።

በራስ ቅል ውስጥ የሚሆነው

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ልስልስ ነው፤ ዙሪያውን ፈሳሽ ይከበዋል፣ ከዚያ ውጭ አጥንት አለ። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም አንጎል አብሮ አይቆምም። በቅል ያለ እርጎ ሲናጥ እንደሚላተመው ሁሉ ወደፊት ሄዶ ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል፣ ተመልሶም ወደኋላ ይመታል። ግንባሩን የተመታ ሰው በማጅራቱ በኩል ያለው አንጎሉ ሊቀጠቀጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ቆዳው ሳይሰነጠቅ ውስጡ ሊደማም ይችላል፤ ስለዚህ ከውጭ ደም አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይብሳል። የራስ ቅል አይለጠጥም። ውስጡ ደም ሲጠራቀም ወይም አንጎሉ ሲያብጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ በጨመረ መጠን ወደ አንጎል የሚገባው ደም ይቀንሳል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶውን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያከማቸውም የለውም። በምቱ ያልሞተው ክፍል በአየርና በደም እጥረት ይሞታል። በ1990ዎቹ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ከባድ ጉዳት ባለበት ሰው ላይ የላይኛው የደም ግፊት አንድ ጊዜ እንኳ ከ90 በታች ከወረደ የመሞት ዕድሉ እጥፍ ያህል ይሆናል። የመጀመሪያው ጉዳት ከደረሰ በኋላ አይመለስም። ሁለተኛው ግን ሰውየው ከወደቀበት ቦታ እስከ ሆስፒታል በር ድረስ ባሉት ሰዎች እጅ ነው።

አንዱ ዓይነት ጉዳት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ነው፣ ከሥሩም የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ተሰብሮ ቧንቧውን ሲቀድደው ተጎጂው ለአፍታ ራሱን ይስትና ይነቃል። ይናገራል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ቤቱ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ደሙ ግን በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል እየተጠራቀመ ነው። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ ከዚያ አይነቃም። በሰዓቱ ተደርሶ ደሙ ቢወጣለት ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችል የነበረው ይህ ሰው ነው። «ነቅቷል፣ ደህና ነው፣ ይተኛ ተዉት» የሚለው ውሳኔ የሚገድለውም እሱን ነው።

መንገዱ

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር እግረኛ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት መኪናው በዚያች ሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል። በደረቅ አስፋልት ሙሉ በሙሉ ለመቆም በድምሩ 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በ60 ከሆነ 36 ሜትር ይሻል፣ በ30 ግን 13 ሜትር ይበቃዋል። ክረምት ላይ መንገዱ ሲረጥብ የ50ው ወደ 40 ሜትር ይጠጋል፤ ጎማው ካለቀ ደግሞ ይብሳል። አሁን ማታውን እናስብ። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ በመኪና ዝቅተኛ መብራት የሚታየው ከ25 እስከ 30 ሜትር ላይ ነው። መንገዱ መብራት ከሌለውና ሾፌሩ በ60 እየነዳ ከሆነ እግረኛውን ቢያየውም መቆም አይችልም። ንቁ ሾፌር ቢሆን፣ ፍሬኑ ቢሠራ ለውጥ የለውም፤ ርቀቱ አይበቃም።

ለዚህ ነው ማታና ንጋት ላይ የልብስ ቀለም ሕይወት የሚያተርፈው። ከቦርሳ ወይም ከጫማ ተረከዝ ጋር የተሰፋ አንጸባራቂ ጨርቅ ከ100 ሜትር በላይ ይታያል። ሌሊት ለቅዳሴ የሚሄዱ እናቶች ነጭ ነጠላቸው ሳያስቡት ይጠብቃቸዋል፤ ፈረቃ ሊገቡ በጥቁር ጃኬት የሚወጡት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው በጨለማ የሚጠፉት። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ጠርዝ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ መሄድ ይገባል። ከአውቶቡስ ወይም ከሚኒባስ እንደወረዱ በፊቱ አቋርጦ መሮጥ ብዙ ልጆችን ቀጥፏል፤ ከኋላ ደርቦ የሚመጣው ሾፌር ልጁን የሚያየው መከለያው ላይ ሲደርስ ነውና። መኪናው እስኪሄድ መቆም ይሻላል።

ቱሉ ዲምቱ ላይ የተለየ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ እዚያ ያበቃል። ለረጅም ደቂቃ በከፍተኛ ፍጥነት የነዳ ሰው ዓይኑ ፍጥነቱን ይለምዳል፤ ወደ 60 ሲወርድ የሚያዘግም ይመስለዋል። ከክፍያ ጣቢያው በኋላ ባሉት ኪሎ ሜትሮች ሾፌር ሊያምን የሚገባው ፍጥነት መቁጠሪያውን እንጂ ስሜቱን አይደለም።

በማኅበረሰብ ደረጃ ከሁሉ በላይ ፍሬ ያለው ፍጥነት መቀነስ ነው። አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሲቀንስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትምህርት ቤት በር ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ዜብራ ከአሥር የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይበልጣል። የእግረኛ ድልድይ ብቻውን መፍትሔ ነው ብለን አናምንም፤ አረጋውያንና ሸክም ያለባቸው ሰዎች ደረጃውን ትተው ከሥር ይሻገራሉ። ሰው በእውነት የሚሻገርበትን ቦታ፣ ልጆች የሚበዙበትን ሰዓትና የደረሱትን አደጋዎች ጽፎ ለወረዳውና ለመንገዶች ባለሥልጣን ማቅረብ የሰፈር ኮሚቴ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። በራስ ፈቃድ ድንጋይና አፈር ከምሮ እብጠት መሥራት ግን አይገባም። ቀለምና ምልክት የሌለው እብጠት ማታ ላይ ሞተረኛን አሽቀንጥሮ ይጥላል።

መኪና ውስጥ ላለ ሰው ቀበቶ በፊት ወንበር የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሕፃን አቅፎ ፊት መቀመጥ ከለላ አይሆንም፤ ግጭት ላይ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅን በክንድ ይዞ ማስቀረት የሚችል ሰው የለም። በአይሱዙ ጭነት አናት ላይ ተሳፍሮ መሄድማ ኩርባ ላይ አንድ መንገጫገጭ ብቻ ይበቃዋል።

ከፍታው

የኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ከ3 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት የሚመታው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ከ9 ሜትር፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ከሆነ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አደባባይ ላይ መኪና የገጨው ያህል ነው፤ ልዩነቱ መሬት ፍሬን የማይዝ መሆኑ ነው።

በግንባታ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚከዳው የባህር ዛፍ መወጣጫ ነው። እንጨቱ እርጥብ እያለ ይመታል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ ይላላል። መጀመሪያ ቀን ሦስት ግንበኛ የያዘ መወጣጫ ከወር በኋላ አንዱንም ላይችል ይችላል። ስለዚህ ፎርማኑ በየሳምንቱና ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ማየት አለበት፤ የላላው በአዲስ ሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ጭምር መታሰር ይኖርበታል። የሚቆሙበት ጣውላ ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ አንድ ጣውላ ብቻ ከሆነ ሰው ባልዲ ይዞ መዞር አይችልበትም። ጫፉ ከድጋፉ አልፎ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ጫፉን የረገጠውን ይገለብጠዋል። በ1 ሜትር ከፍታ ላይ መያዣ አግዳሚ፣ በመካከሉ ሌላ፣ ከሥሩ ደግሞ ጡብና መዶሻ እንዳይንከባለል 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ይመታል። ታች የሚያልፈውን የሚያድነው ይህ የመጨረሻው ነው፣ ቶሎ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ለሊፍት የተተወ ክፍት ጉድጓድ በየፎቁ በጣውላ መታሸግ አለበት፤ ላስቲክ ጣል ማድረግ ጉዳዩን ያባብሰዋል፣ ሰው ወለል መስሎት ይረግጠዋልና።

መሰላል 4 ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ ጫፉም ከሚወጡበት ቦታ 1 ሜትር ያህል ሊያልፍ ይገባል። ዲሽ ለማስተካከልና ሮቶ ለማጽዳት ቆርቆሮ ላይ የሚወጡ ሰዎች ይህን እምብዛም አያዩትም፤ ጤዛ ባለበት ጠዋት ደግሞ ቆርቆሮ ያንሸራትታል።

ቤት ውስጥ ላሉ ልጆች አደገኛው በረንዳው ላይ ያለው ዕቃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ጀሪካኖች በረንዳ ላይ ይደረደራሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ጀሪካኑን ረግጦ ከመከላከያው ይበልጣል። ጀሪካኑ፣ ዱካውና ከሰል ማንደጃው ከመከላከያው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ተከራይ የሆነ ሰውም በአንድ ቀን ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ሄልሜት

በትክክል የተጠለቀ ሄልሜት ለሞተረኛ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ፣ ሞትን 42 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል። ሥራውን የሚሠራው የሚያምረው የውጭ ቅርፊት አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ነጭ ፎም ነው። ፎሙ ሲጨፈለቅ ጭንቅላት የሚቆምበትን ጊዜ በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ያራዝማል፣ ያ አንጎልን ያድናል። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጭ ባይሰነጠቅም ይጣላል፤ የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው። ያገለገለ ሲገዙ የውስጡን ጨርቅ ገልጠው ፎሙን በጣት ይዳስሱ፤ የተጎዳ ወይም የተሰነጠቀ ካገኙ አይግዙ።

በዳርቻ ሰፈሮች የሚያሳስበን የግንባታ ሄልሜት አድርገው ሞተር የሚነዱት ናቸው። ያ ቆብ ከላይ ከሚወድቅ ድንጋይ እንዲያድን የተሠራ ነው፤ ጎኑ ላይ ፎም የለውም፣ ማሰሪያውም ጭንቅላት አስፋልት ላይ ሲንከባለል አይዝም። የሞተር ሄልሜት ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ጭንቅላት ሲነቀነቅ አብሮ ይነቃነቃል እንጂ ለብቻው አይዞርም፤ ከአገጭ በታች ማሰሪያው ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል። ያልታሰረ ሄልሜት ከመጀመሪያው ምት በፊት ከራስ ላይ ይወልቃል። ከኋላ የሚሳፈረውም የራሱን ያድርግ፤ መሬቱ ሾፌርና ተሳፋሪ አይለይም።

ስለ ድብደባ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ቡጢው አይደለም፤ ተመቺው ወደኋላ ተዘርሮ ማጅራቱ ኮብልስቶን ሲያገኝ ነው። ዱላና ድንጋይ ሲጨመርበት አጥንት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በዓል ማታ አረቄ ከጠጣ በኋላ ተመትቶ ያሸለበን ሰው «ሰክሮ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ስካርና የአንጎል መድማት ከውጭ አይለዩም፤ የተጠራጠረ ሰው ሐኪም ቤት ይውሰደው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ወደ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም ወደ 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ ይደወል። እስኪመጡ ድረስ ከሁሉ የሚቀድመው አየር ነው። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱና ደሙ ጉሮሮውን ይዘጋሉ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ትከሻና ዳሌውን ይዘው፣ ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባ በአንድ መስመር እንደሆኑ በጎኑ ያዙሩት። በአፉ ያለው ደምና ትውከት በጨርቅ ይጠረግ። የሚያንኮራፋ ድምፅ የእንቅልፍ አይደለም፣ አየር እየተዘጋበት ነው፤ መንጋጋውን ከጆሮው ሥር ይዞ ወደፊት መግፋት ይከፍተዋል።

የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑት። አጥንቱ የሰረጎደ ከመሰለ ግን ቀዳዳውን ሳይሆን ዙሪያውን ይሸፍኑ። የተሰካ ነገር አይነቀልም። የቡና ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስ፣ ፊቱ ላይ ውሃ መድፋት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ማሽተት ከቅን ልብ የሚደረጉ ናቸው፣ ግን ይጎዳሉ። ዱቄቱ ቁስሉን ይበክላል፣ ውሃው ሳንባ ይገባል፣ ክብሪቱ ምንም አይፈይድም። የሚንቀጠቀጥ ሰው በጎኑ ሆኖ ከድንጋይ ይራቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም።

አምቡላንስ ሳይገኝ ሲቀር የሚደረገው ትልቁ ስህተት ተጎጂውን አጣጥፎ ባጃጅ ውስጥ መጫን ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ አየር ይዘጋል፣ የተሰበረ አንገት ካለ ጉዳቱ ይብሳል። የበር ሳንቃ ወይም ሰፊ ጣውላ ላይ አስተኝቶ በፒክአፕ ወይም ወንበሩ በወጣለት ሚኒባስ መውሰድ ይሻላል፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን እንደያዘ አብሮ ይሂድ።

ወዴት? ከሰበታ እስከ ጥቁር አንበሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ላይ ከሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ደሙ ካልቆመ ወይም መተንፈስ ካቃተው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይቅደም። መተንፈሱ ደህና ከሆነና ራሱን ከሳተ ሲቲ ስካን (የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) እና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት፣ እንደ ጥቁር አንበሳ ወይም የቅዱስ ጳውሎስ አካል ወደሆነው አቤት ሆስፒታል ማምራት ጊዜ ያድናል። ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፍ አስቀድሞ በስልክ እንዲያሳውቅላችሁ ጠይቁ፤ ከደረሱ በኋላ ከሆስፒታል ሆስፒታል መዞር ብዙ ሰው አሳጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ጥናት በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ፈስሶባቸው ራሳቸውን ከሳቱት ውስጥ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኙት 30 በመቶ፣ ከዚያ ከዘገዩት 90 በመቶ እንደሞቱ አሳይቷል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱን ይህን ያህል አላሰፉትም፤ መዘግየት እንደሚጎዳ ግን አያከራክርም። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም ማቆሚያም በ2019 ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ጉዳታቸው መካከለኛና ከዚያ በታች የሆኑትን የጠቀመው በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነበር።

ራጅ ብቻ ተነስቶ መመለስ አይበቃም፤ ራጅ አጥንት እንጂ አንጎል አያሳይም። ሐኪሙ ዓይኑን ሲከፍት፣ ሲናገርና ሲንቀሳቀስ አይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 13ና ከዚያ በላይ ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ነጥቡን ጠይቃችሁ ሪፈሩ ላይ ከነሰዓቱ አስጽፉት፤ ቀጣዩ ሐኪም እየወረደ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ

ሐኪም አይቶ የላከው ሰው ለ24 ሰዓት ብቻውን አይደር። ከአንድ ጊዜ በላይ ማስመለስ፣ እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን መስፋት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ መውረድ፣ ሳይመታ ከዓይን ዙሪያ ወይም ከጆሮ ጀርባ መጥቆር ከታየ በሌሊትም ቢሆን ይመለስ። ሕፃን ከሆነ ጡት እምቢ ማለቱና እርግብግቢቱ ማበጡ ይታያል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ይቅሩ።

ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ሥራ አቁሞ ማረፍ፣ ከዚያ በዝግታ መመለስ ይሻላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ትኩረት ማጣት ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ስንፍና አይደለም። ማዞሩ ሳይጠፋ መወጣጫ ላይ መውጣትና ሞተር መንዳት አይገባም፤ ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ሲመታ ጉዳቱ ይብሳል።

አረጋውያን ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። በዕድሜ አንጎል ስለሚሟሽሽ በአጥንቱና በአንጎል መካከል ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ደጃፍ ላይ ተንሸራትቶ መውደቅ ይበቃቸዋል። ደሙ በቀስታ ለሳምንታት ይጠራቀማል። ከዚያ አባት ነገር መርሳት ይጀምራሉ፣ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል፤ ቤተሰብ «ጃጁ» ይላል። ይህ በትንሽ ቀዳዳ ደሙ ወጥቶ ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነገር ነው። አረጋዊ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሲለወጡ ባለፉት ሦስት ወራት ወድቀው እንደሆነ ቤቱን ሁሉ፣ ሠራተኛዋንም የልጅ ልጆቹንም ጠይቁ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከወደቁበት ዕለት ጀምሮ ሐኪም ይያቸው፤ መድኃኒቱንም ስሙን ሳይሆን ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።